የተዋሰ ትናንት

በሰሜን እንግሊዝ ዳርቻ፣ ከሽበታሙ ባሕር አጠገብ፣
የዓሣ ቅርጫት ከሚደረደርበት፣ መረብ ከሚሰጣበት ግንብ፣
ቴሲ የምትባል ልጅ፣ ገና አራት ዓመቷ፣
ገንፎዋን እያማሰለች እንዲህ አለች ለእናቷ፦
«አባዬ ጎድ።»

ኤልስፔት ማንኪያውን አስቀመጠች፤
ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
«ጎድ አይባልም ቴሲዬ። ዌንት ነው የሚባለው።»
ቃሉን አቀናችው፤
ነገሩን ማቅናት ግን አቅሟ አልቻለው።

ኦስዊን በጥቅምት ማለዳ ሄሪንግ ሊያጠምድ ወጣ፤
ጀልባው በሦስተኛው ቀን ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ መጣ።
እሱ አልመጣም።

ልጅ ግን ሕግ ታከብራለች፣ ከዳኛ ይልቅ ትጠብቃለች፦
«ፕሌይ ብለን ፕሌይድ፣ ክላይም ብለን ክላይምድ» አለች፣
«ጎ ካልን ጎድ ነው እንጂ! ዌንትን ማን አመጣው?
የማን ልጅ ነው? ከማን ቤት ነው የወጣው?»

እኛም ተማሪ ሳለን፣ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያልን
እንደ ዳዊት ደግመን፣ በዜማ ሸምድደን ስናልፍ፣
ይህን አልጠየቅንም። አለንጋው ቅርብ ነበራ፤
ከመልስ በቀር በክፍል ውስጥ ማን ደፍሮ ሊያወራ?

ጥያቄው ተንከባሎ ደረሰ ከጎረቤት፣
ከሽማግሌው ከኩትበርት ፌኒክ ደጅ፣ ከቀድሞው ማተሚያ ቤት፤
አርባ ዓመት የእርሳስ ፊደል በጣቱ ሲለቅም ኖሮ
ዛሬ መረብ ይጠግናል፣ አንድ ዓይኑ ታውሮ።

«ነይ ተቀመጪ» አላት፤ «ነገሩ የቤተሰብ ነው።
ጎ የሚሉት ግስ ድሮ ሌላ ትናንት ነበረው፤
ዬዴ ይሉት ነበር።
እሱም ቢሆን የሥጋ ልጅ አይደለም፣ ማደጎ ነው ይላሉ አዋቂዎች።
ዬዴ አረጀ፣ ተረሳ፣ እንደ ጤዛ ረግፎ ባከነ፤
ጎም ትናንት እንደሌለው፣ ነገን ብቻ ይዞ ባዘነ።

«በሰፈሩ ደግሞ ዌንድ የሚሉት ግስ ነበረ፣
ትርጉሙ መዞር፣ መታጠፍ፣ እንደ ወንዝ እየዞረ፤
ሴንድ ሴንት እንደሚል፣ ቤንድ ቤንት እንደሚል፣
ዌንድም ዌንት ይል ነበር፣ ያለፈውን ሲቀጥል።
ጎ ሊበደር መጣ፦ ‹ትናንትህን አውሰኝ፤
ሄድኩ ማለት አማረኝ፣ አፌ ባዶ ሆነብኝ።›
ዌንድ ቸር ነው፣ ሰጠው።
ጎ ግን አልመለሰም፤ አምስት መቶ ዓመት አለፈው።
ዌንድ ለራሱ ዌንድድ የሚል አዲስ ቀሚስ ሰፋ፤
አልፎ አልፎ በግጥም ይታያል፤ ከገበያ ጠፋ።»

አይገርመኝም፤ በእኛም ቤት ነውር አይደለም ብድር፤
ነው ትናንቱን ሲጠሩት አቤት የሚለው ነበር፤
መጣ የሚለውን ግስ ለትእዛዝ ስንጣራ
ምጣ አንልም፣ ና ነው። የናን ዘር ማን አጣራ?

ቴሲ ዝም አለች፤ ጣቷን ከመረቡ ቀዳዳ ከትታ።
«ታዲያ አባዬ ዌንት ስንል አባዬ ዞረ ማለት ነዋ!
የዞረ ደግሞ ይመለሳል» አለች፣ ፊቷ በርታ።

ኩትበርት መርፌውን ያዘ። አልወጋም፣ አልሳበም፤
በአርባ ዓመት ፊደል ለቀማ ለዚህ መልስ አላነበበም።
«አያቴ» አለ ቆይቶ፣ «እዚሁ ሰፈር ያደገች፣
ዌንት አትልም ነበር፤ ጌድ እያለች አረጀች።
ጌድ! ያንቺ የጎድ ታላቅ እህት።
አልተሳሳትሽም ልጄ፤
ዘግይተሽ መጣሽ እንጂ።»

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይላል፣ የኔ ቋንቋ ሰው ሲተርት፤
የቀረውን ግማሽ እዚህ አልናገርም፣ በዚህች ልጅ ፊት።
ስለ መሬት ነው። ኦስዊን መሬት አላገኘም።
ጎድ የሚለውም ቃል ለጆሮዬ ሙሉ አልሆነም፦
ጎደለ ሊል ጀምሮ
መሐል ላይ የቀረ፣ ትንፋሹ አጥሮ።

ማታ ኤልስፔት ሾርባ ቀዳች። ቴሲ ዳቦ ባፏ ሞልታ
«አባዬ ጎድ» አለች ደግሞ፣ ያንኑ ቃል አንስታ።
እናቷ ሰማች። ጭልፋውን አላስቀመጠችም።
«አዎ» አለች። «ጎድ።»
አላረመቻትም።